ዳማ ጨረቃ ላይ የረገጠው

ማክሰኞ
ሠራሁላቸው! ለመምህር አሰፋ። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ጨረቃን በጭቃና በጀሶ የሚሠሩት ሰውዬ ናቸው። ስፋቷ ሁለት አልጋ ያህላል። መጀመሪያ ካርታ እያዩ ጣውላ ላይ ምስማር ይመታሉ፤ ለተራራው ረጅም፣ ለጉድጓዱ አጭር። ከዚያ እስከ ምስማሩ አናት በጭቃ ይሞላል፣ ላዩ በጀሶ ይለሰናል። ጭቃውን በጋሪዬ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ የፈረሴን የዳማን አሮጌ የብረት ጫማ እርጥቡ ጀሶ ላይ ተጫንኩት። ባለፈው ሳምንት "ጎኑ ተሸርፏል፣ እንስሳውን አንካሳ ታደርገዋለህ" ብለው ያስቀየሩኝን ጫማ! አይተው ሲስቁ ታየኝ።

ረቡዕ
አላዩትም። ጀሶው ደረቀ። ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ከወደዷት ጨረቃዋ ኤግዚቢሽን ትሄዳለች፣ መምህርም አብረዋት። ልንገራቸው ብል ሳቄ ቀደመኝ።
"ምን ያስገለፍጥሃል አንተ?"
"ጨረቃዋ ናት ጋሼ፣ አማረችብኝ።"

ሐሙስ
ምነው መሬት በዋጠኝ።
መምህር አምፖሉን እንደ ፀሐይ በጎን አበሩ። ከቆርቆሮ የሠሯትን ትንሽ ተሽከርካሪ በክር ሳቡ። እንግዶቹ በካርቶን ቱቦ ሲያዩ እላይዋ ተቀምጠው የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ተራራውን አለፈች። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ኮቴው ጋ ስትደርስ ጎማዋ ገባና ተገለበጠች።
የቀበሌው ሊቀመንበር "ጓድ መምህር፣ ጨረቃ ላይ ፈረስ ጋልበዋል እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ እንግዳ ግን "ይሄ በሳይንስ ማሾፍ ነው" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።
መምህር ጎንበስ ብለው የተሸረፈውን ጎን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።
"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላጣራ ነው ያቀረብኳት" አሉ።
የአዳማን ከተማ ሰው ሁሉ የምላከፈው እኔ በኋላ በር ሾልኬ ወጣሁ።

ዓርብ
ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ። "እኔ ነኝ" አልኩት።
"ሂድ ወዲያ፣ ደግሞ ቀልድህን ጀመርክ!"
ሦስቴ ነገርኩት፣ ሦስቴ ሳቀ። መጨረሻ ላይ የዳማን ጫማ ከማዳበሪያ ከረጢት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ መሳቁን ተወ። "ለእንግዶቹ እጽፋለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ እንጃ" አለ።

ቅዳሜ
መምህር ብቻቸውን ኮቴውን እየፋቁ ሳሉ ደረስኩ። "ይቅርታ ጋሼ" አልኩ። መፋቁን ጨርሰው መዶሻውን ሰጡኝ።
"የዚህ ቦታ ከፍታ ስንት ነበር?"
"እንጃ።"
"ሰባተኛ ደርሰህ የለ? ና ካርታውን አንብብ።"
ከአዲስ አበባ ወሬ የለም። አንድ ቀልድ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ምስማር እየመታን ስንሠራ ዋልን።
"ምነው ዝም አልክ?" አሉ ቀና ሳይሉ። "ዳማ ታመመ እንዴ?"
ልሳቅ ላልቅስ እንጃ፣ ምስማሩን ስቼ ጣቴን መታሁ።