የእናትሽ ዜማ አይደለም

ውድ ልጄ፣

ጤናሽን አልጠይቅም። ማክሰኞ በስልክ ስትጮኺብኝ ሳንባሽ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔም ጉልበቴን ሳይጨምር ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ በስልክ አፍ ስለማታስከፍቺኝ ነው። ጽሕፈቴ እንደሚንጋደድ አውቃለሁ። ብትስቂም ሳቂ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

እሑድ በጡረተኞች አዳራሽ ያደረግሽኝ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። አኮርዲዮኔን አንግቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ወናፏን ከፈት አድርጌ ልጀምር ስል አንቺ ብድግ ብለሽ ማይኩን ያዝሽ። «ይህን ዜማ አባቴ የሠራው ለሟች እናቴ ነው። የምትሰሙት እንባውን ነው» አልሽ። ማን ነገረሽ? እኔ ነግሬሻለሁ? እንባዬንስ መቼ አይተሽው ነው ለሰው የምታስተዋውቂው?

አዳራሹ በአንዴ ለቅሶ ቤት ሆነ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ወፍራም ሴትዮ ገና አንድ ድምፅ ሳላሰማ መሐረቧን አወጣች። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ጣቴ ለእነሱ መታዘዙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ የኖረ ዜማ እግሩን መጎተት ጀመረ። ልገፋው ብሞክር እምቢ አለኝ፤ የሕዝቡ ፊት ተጭኖታል። ጣቴ ከእኔ በቀር ማንንም ሰምቶ አያውቅም ነበር፣ አንዳንዴ እኔንም አይሰማም። እሑድ ግን የአንቺን ማይክ ሰማ። ስጨርስ ተሰልፈው «እግዜር ያጽናዎት» አሉኝ። እናትሽ ትናንት የሞተች ይመስል። ምን ልበላቸው? «አሜን» አልኩ።

ዜማው እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ። በወጣትነቴ እሠራበት በነበረው ብየዳ ቤት የብረት በር እየሠራን ሳለ መብራት ጠፋ። አለቃችን ቆጣሪውን በቡጢ ሲመታ ሲመታ ቆይቶ ሲደክመው ወደ ቤቱ ሄደ። እኛ ደስ አለን። ሥራ የለም፣ ጩኸት የለም፣ የጋለው ብረት እየቀዘቀዘ ቋ ቋ ይላል። አኮርዲዮኗን ከመሣሪያው ሳጥን ጀርባ አወጣሁና የማውቀውን ዘፈን ልጫወት ስል የቀለበት ጣቴ ያላሰብኩት ቁልፍ ላይ ወደቀ። ስሕተት ነው ብዬ ላነሳው ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ተመቸው። ተከተልኩት። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ሲደርስ ነው መድረሱን ያወቅሁት። ቀለም ቀቢያችን ባዶ ጣሳ ይዞ ሲመታልኝ ዋለ። ይኸው ነው፣ ሐዘን የለበትም። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። እናትሽም በሕይወት ነበረች፣ ከነሙሉ ምላሷ።

ደግሞም ዜማውን አትወደውም ነበር። ይህን አታውቂም፣ አሁን እወቂ። እቤት ስጫወተው «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገርህ ማለቂያ የለውም? ልክ እንደ ጎረቤታችን ወሬ፣ አለቀ ሲሉት ይጀምራል» ትለኝ ነበር። «ታዲያ ምን ልጫወትልሽ?» ስላት «ዝም በልልኝ፣ እሱን ነው የምወደው» ትላለች። እኔም ቀስ ብዬ ወደ በረንዳ። ስታባርረው የኖረችውን ዜማ አሁን አፍ የላትም ብለሽ ስሟን ትለጥፊበታለሽ? ብትሰማሽ ኖሮ ወደ በረንዳ የምታወጣው አንቺን ነበር።

ማክሰኞ ስደውልልሽ «አባዬ፣ ሰው እኮ አለቀሰ» አልሽኝ። ሽንኩርትም ያስለቅሳል። «እሺ፣ ስለ ምንድን ነው ታዲያ?» አልሽ። ስለ ምንም አልኩሽ። «ስለ ምንም የሚባል ዜማ የለም አባዬ፣ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።» የሚይዘው ከፈለገ የአውቶቡስ ብረት ይያዝ። ዜማው ቃል የሌለው እኔ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። ሲሰማ አንዱ ልጁ ትዝ ይለዋል፣ አንዱ እግሩን ያወዛውዛል፣ አንዱ ስለ እራቱ ያስባል፤ የየራሱ ነው። አንቺ ግን በሩ ላይ ቆመሽ ለሁሉም ጥቁር ልብስ አደልሻቸው።

ይባስ ብለሽ ሐሙስ ድምፅ የሚቀርጸውን ሰውዬ ልትልኪብኝ፣ ዜማውን ከእናትሽ ፎቶ ጋር ልታወጪው ነው። «እንባዬ» የሚል ስምም አውጥተሽለታል። ስም የግድ ካስፈለገው «መብራት የጠፋ ቀን» በይው ልል ነበር። ግን አውቅሻለሁ፣ እሱንም ሞት ታደርጊዋለሽ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። የእናትሽን ዜማ ገና አልሠራሁትም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በእሷ ሳይሆን በእኔ በኩል፣ ተቀምጬ አኮርዲዮኗን አነግታለሁ። ጣቴን አላዘውም፣ እጠብቀዋለሁ። የሚመጣው ሁሉ ውሸት ነው። አንዳንዱ ያምራል፣ የሚያምረው ይብሳል። እሷ ብትሰማው «ማንን ነው የምታታልለው?» የምትለው ዓይነት። አቆማለሁ። ከጎን ያለችውን የአየር ማስወጫ ቁልፍ ተጭኜ ወናፏን ስዘጋ ዜማ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ለእናትሽ የሚሆን እስካሁን ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። አንቺ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሠርቶ ጨርሷል አልሽ። ነገ ቢመጣልኝስ የት ላስቀምጠው? ቦታውን እኮ ሥራ ፈት ብየዳ ሠራተኞች የሳቁበት ዜማ ይዞታል፣ አንቺው አስይዘሽው።

ስለዚህ ፎቶዋን ከዚያ አንሺ። ሰውዬው ሐሙስ ይምጣ። ዜማውን በራሱ ሩጫ እጫወትለታለሁ፣ የስሙን ቦታ ባዶ ይተወው። አንቺም ከፈለግሽ ነይ። ማይክ ከነካሽ ግን አኮርዲዮኗን ዘግቼ እወጣለሁ፣ ጉልበቴ ቢያመኝም።

የእናትሽ ሲመጣ፣ ከመጣ፣ አልነግርሽም። ቁጭ ብለሽ ትሰሚዋለሽ። እሷ መሆኗን ሳልነግርሽ ካወቅሽ፣ ያኔ እሱ ነው። ካላወቅሽ ገና አልመጣም ማለት ነው፣ በማግስቱ ደግሜ እቀመጣለሁ።

ቁጣው ገና ያልበረደለት
አባትሽ