አቶ ናዋታ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይሰማልን

ለካሱሚዛኪ ከተማ ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሱሚዛኪ

ቀን፦ ኖቬምበር 12 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ ከእህት ኩባንያ የደረሰን የትርፍ ድርሻ በተቀናሽነት እንዲያዝልንና የምስክሩ ቃል በአስቸኳይ እንዲወሰድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ከአባቴ የተረከብኩትን የሶያ ሶስ መጥመቂያ ኩባንያ እመራለሁ። የምንጠምቅባቸውን የእንጨት በርሜሎች የሚሠራልን እህት ኩባንያ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይከፍለናል። ያ ትርፍ እዚያው ግብር ተከፍሎበታል። ስለዚህ ከአክሲዮኑ ከሲሶ በላይ የያዘ ኩባንያ የደረሰውን ድርሻ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከገቢው እንዲቀንስ ሕጉ ይፈቅዳል። ከሲሶ ካልበለጠ ግን የሚቀነሰው ቢበዛ ግማሹ ነው።

2. የእኛ ይዞታ ሠላሳ አራት በመቶ ነው። መርማሪዎ ሠላሳ ነው አሉ፤ አራቱ በመቶ በመዝገብ ላይ ያለው በበርሜል ሠሪው በአቶ ቶኪጂሮ ናዋታ ስም ነውና። አልክድም። እህት ኩባንያው በ1972 ሲቋቋም ሕጉ ሰባት መሥራቾች ይጠይቅ ስለነበር፣ አባቴ አንድ ሰው ቢጎድለው የእሳቸውን ስም ተዋሰ። ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያችን ነው፤ ድርሻውም ሁልጊዜ የገባው በእኛ ሒሳብ ነው። የባንክ ማስረጃው ተያይዟል።

3. ታዲያ ስሙን ለምን አላዛወራችሁም ለሚለው መልሴ ያሳፍረኛል። ሃምሳ ዓመት በርሜል የሠሩልንን ሰው «ይህ የእርስዎ አይደለምና በማዛወሪያው ሰነድ ላይ ማኅተምዎን ያሳርፉልን» ማለት፣ አናምንዎትም ማለት መሰለን። አባቴ አፈረ፣ እኔም አፈርኩ፤ በይሉኝታ እዚህ ደረስን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

4. መርማሪዎ ባለስሙ ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ ብለው ለጃንዋሪ 20 ቀጠሩን። አቶ ናዋታ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪማቸውም አዲሱን ዓመት ማየታቸውን ይጠራጠራሉ። ትናንት ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ጨብጠው፣ «አንቺ ቺዩ፣ እኔ የትርፍ ድርሻ የሚሉት ነገር ምን ምን እንደሚል ቀምሼ አላውቅም! ስሜን ነው ያዋስኩት። አሁን ብሞት ልጄን የአባትሽ ውርስ ነው፣ ግብር ክፈይ ሊሏት እኮ ነው። ኧረ አንድ ሰው ጥሪልኝ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ ሠራተኛ በዚሁ ሳምንት ወደ ሆስፒታሉ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ጠዋት ጠዋት አእምሯቸው ጥርት ያለ ነው፤ አጥርተውም ይናገራሉ። አስጠናቻቸው እንዳልባል እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ሰምታችሁ ባታምኗቸው ግማሹን ብቻ ቀንሼ ልዩነቱን ከነቅጣቱ እከፍላለሁ፤ ይግባኝም አልልም። እሳቸው ግን «የእኔ አይደለም» የሚሉት ሰው አጥተው አይሙቱብኝ።

ከሰላምታና ከብዙ ጭንቀት ጋር

ቺዩኪ ኢሶጋይ
(ፊርማና ማኅተም)