ለሐዘኔ የተሰጠኝ ማርክ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9፡30።
ከት/ቤት ገባሁ። እግሬ በብርድ ደንዝዟል። የሚታረም ሃምሳ ስምንት ደብተር አለ፤ አንዱንም አልነካሁም። አማቴ እማማ ትርንጎ ገና ከበር ነጠላዬን ገልጣ አየች። ጥለቱ ቀለም እንዳይኖረው። የለውም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ አንተ ላይ ግን «እሷ» ናት፤ ይቺን ታህል ነፃነት አትንፈገኝ፣ ደብተሬ።

ባሌ ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር። የሙት ዓመቱ ተዝካር ወጥቷል። ያኔ ጥቁሬን ላወልቅ ነበር። አይሆንም፣ ሁለት ዓመት ትለብሺያለሽ አለች። ጎረቤቱም ከእሷ ጋር ነው። ተማሪዎቼ «ጥቁሯ ቲቸር» ይሉኛል። ታከተኝ!

ኅዳር 5፣ ሐሙስ።
ዛሬ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ነኝ አለች። ጨዋ ናት። በየአገሩ፣ በየባህሉ ባል የሞተባት ሴት ሐዘኗ እስከ መቼ እንደሚቆይ እየለኩ ያወዳድራሉ። ዓመት አልፎም ከበረታ እንደ ሕመም ይቆጠራል። ጥያቄው ይነበባል፣ ከአንድ እስከ አምስት ይመለሳል። እኔ ለልጆች የምሰጠውን ማርክ ለእኔ ሊሰጡኝ!

ለብቻችን እንሁን ብትል ማን ሰምቷት። ሐዘንተኛን ከእንግዳ ጋር ብቻዋን መተው ነውር ነው። እ.ት. (እማማ ትርንጎ) ጋቢዋን ተከናንባ አጠገቤ ቁጭ አለች። ይናፍቅሻል? መላሿ እሷ፦ «እንዴታ! እህል እንኳ አይወርድላትም!» ጠዋት ሁለት ዳቦ በልቼ ነው የወጣሁት። ሕይወት ያለ እሱ ባዶ ሆኖብሻል? «ባዶ ብቻ!» ልጅቷ እኔን ታያለች፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አምስት። አምስት። አራት። አምስት።

ሰቃይ ተማሪ ሆንኩ። ጤና ጣቢያ ሂጂ የሚል ወረቀት ተጻፈልኝ። እ.ት. ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ደስ ብሏታል።

አሁን ገባኝ። ይሄ ጥቁር የእኔ ሐዘን አይደለም፤ የልጇ የምስክር ወረቀት ነው። ሚስቱ እንዲህ ካዘነችለት ደግ ሰው ነበር ማለት ነው። እኔም ደግነቱን ለብሼ ገበያ እወጣለሁ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ።
ክፍል ውስጥ ልጆቹ ላይ ጮህኩ። ምንም አላደረጉም። አፈርኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። 10 ሰዓት።
ልጅቷ ተመልሳ መጣች። መልሱ ይገጥም እንደሆነ አንዳንዱን ሰው ደግመው ይጠይቃሉ። እ.ት. ቦታዋን ያዘች። ይናፍቅሻል? አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። አንድ። ባዶ ሆኖብሻል? አንድ። ሞቱን ማመን አቅቶሻል? አንድ፤ በደንብ አምኛለሁ። ያልተጠየቅኩትንም ጨመርኩ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እተኛለሁ አልኩ። ይመታኝ ነበር አልኩ። አንድ ጥርሴን አውልቆታል፤ ለሰው ወድቄ ነው ብያለሁ።

ከእ.ት. እርግማን ጠበቅኩ። ጋቢዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፦ «እሰማ ነበር።»

እሰማ ነበር! በእሷና በእኛ መኝታ መሐል ያለው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። አራት ዓመት። ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ልጄ የምትለኝ ሰምታ አድራ ነው።

ልጅቷ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም አለች። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

በሞተው ላይ ያለኝ ንዴት ወጥቶልኛል። በዚችኛዋ ላይ ያለኝ ዛሬ ጀመረ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ።
አልተነጋገርንም። እህል አልቀመሰችም። አላዘንኩላትም። እሺ፣ ትንሽ አዘንኩላት፤ በራሴ ተናደድኩ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። ጠዋት።
እሷ ጀመረች። የሆነው ሆኗል፣ ለሰው አይነገር፣ ሁለት ዓመቱን ብቻ ጨርሺልኝ። ሌላ ልጅ የለኝም አለች። እንባዋ መጣ።

አልጮህኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበር ሴቶች በተሰበሰቡበት ያንኑ ይድገሙት፤ «እሰማ ነበር» ይበሉ። ካሉ ሁለት ዓመት አይደለም አምስት ዓመት እለብሰዋለሁ፣ ማርያምን! ካላሉ ነገ አወልቀዋለሁ።

11 ሰዓት።
ሳጥኗን ስትከፍት ሰማሁ። በቀብሩ ማግስት የቀለም ልብሶቼን ሰብስባ የቆለፈችበት ነው። ቆይታ ገባች። ሰማያዊ ቀሚሴን ይዛለች። ተኩሳዋለች። አልጋዬ ላይ ዘረጋችው፣ ሳታየኝ ወጣች።

መረጠች እንግዲህ፤ «እሰማ ነበር» ከምትል ጥቁሩን ባወልቅ ይሻላታል። ቀሚሱን ለካሁት፣ ልኬ ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን በሰማያዊው እሄዳለሁ። ሴቶቹ ምነው አወለቅሽ ማለታቸው አይቀርም። እነግራቸዋለሁ። እሷም አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።