አሥራ አንደኛው ቅጽ

ማክሰኞ

መጣ፤ ግን እሱ አይደለም። ባለሱቋ ፎዚያ ከጅቡቲ ያስመጣችልኝ መጽሐፍ ላይ አሥራ አንድ ቁጥር አለ፤ ውስጡም እነዚያው መረብ ኳስ ተጫዋች ልጆች ናቸው። ውፍረቱ ግን የልጄ የሩት መጽሐፎች እጥፍ ነው። በአሥረኛው መጨረሻ ጉልበቷን ተጎድታ የወደቀችው አምበል ደግሞ እዚህ ጭራሽ አሰልጣኝ ሆናለች።

እሑድ ሩት ተድራ ሳቢያን ሰፈር ባሏ ቤት ትገባለች። አባቷ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ላይ ሲሠራ ከጅቡቲ ያመጣላት ሃያ አራት የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ አብሯት ይሄዳል። በፈረንሳይኛ የተተረጎመ ነው፤ ማንጋ ትለዋለች።

ሃያ ሦስት ማለቴ ነው። አሥራ አንደኛውን፣ ፊደል ሳልቆጥር በፊት፣ ገጽ በገጽ ቀድጄ ለውዝ ጠቅልዬ ሸጬበታለሁ። ሩት "ግማሽ ድሬ ጨዋታውን በልቶታል" እያለች ትቀልዳለች። እኔ ስቄበት አላውቅም።

ረቡዕ

ሩት ፋብሪካ ስትሄድ መጽሐፎቿን አልጋ ላይ ደረደርኩ። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ሥዕል ግን ሥዕል ነው። አዲሱን ስገልጥ መጨረሻው መጣ። ከቀኝ እንደሚጀመር ሁሌ እረሳለሁ።

አገኘሁት! የመጀመሪያው ግማሽ የሩት ሃያ አንደኛ ነው፤ የቀረው ሃያ ሁለተኛዋ። ታዲያ ለምን አሥራ አንድ አሉት?

ሐሙስ

ፎዚያ ሱቅ ሄድኩ። ጅቡቲ ላለው መጽሐፍ ሻጭ ደወለች፤ በሶማሊኛ ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቁ፣ ከዚያ በአማርኛ አስረዳችኝ። ታሪኩ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ጥቂት ጥቂት ገጽ ይወጣ ነበር። እየተሰበሰበ ቅጽ ሆነ። ደራሲዋ ታማ አቋረጠች፤ አንባቢው ጠበቃት፤ ሲሻላት ጨረሰችው። ፈረንሳዮቹ ስስ ስሱን አትመው ካለቀ በኋላ ተዉት። አሁን ሁለት ሁለቱን በአንድ ጠርዘው፣ ቁጥሩንም ከአንድ ጀምረው እንደገና አወጡት። ስሱ የትም አይገኝም።

በጣቴ ቆጠርኩ። አንድና ሁለት በአንደኛው፣ ሦስትና አራት በሁለተኛው…

"ስድስተኛውን አስመጪልኝ" አልኳት።

"አቦ እትዬ አልማዝ! ያኔ አሥራ አንድ፣ ዛሬ ስድስት! ነገ ደግሞ ሙሽራውን ቀይሪልኝ እንዳትዪ!"

ነገ በባቡር የምትመጣ ዘመዷ ትይዘዋለች። ካገኘች።

ዓርብ

ባቡሩ መጣ፤ ዘመዷ አልመጣችም። ፎዚያ "ነገ፣ ወላሂ ነገ" አለች። ቤቱ በሠርግ ሥራ ታምሷል። ሽንኩርት መክተፉን እኔ ወሰድኩ። ሽንኩርት ላይ ላለቀሰ ሰው ምን ሆንሽ የሚል የለም።

ቅዳሜ

ፎዚያ ራሷ በባጃጅ ይዛው መጣች! ስድስተኛው!

ሩት ሂና ተቀብታ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሳይደርቅ መንካት አትችልም። ስለዚህ ጭኗ ላይ አስቀምጬ ገጹን እኔ ገለጥኩላት፤ ከቀኝ፣ ቀስ እያልኩ። እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። አምበሏ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆና ልጆቹን በጩኸት ታጫውታለች። ኳሷ መረቡን ነክታ ወዲያ ማዶ ስትወድቅ የሩት አክስቶች ሁሉ ሽንኩርታቸውን ትተው ከበውን ነበር። እልል አሉ።

የቀረው ግማሽ አሥራ ሁለተኛው ነው። ያ ደግሞ አላት።

"እማ፣ አሥራ ሁለተኛው ሁለት ሆነ እኮ" አለች። "የድሮውን ላንቺ ትቼዋለሁ። ለውዝ ጠቅልዪበት።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አልቆም ሲለኝ ሩት ደነገጠችና ሂናዋን ረስታ አቀፈችኝ። ሁለት እጆቿ ነጠላዬ ላይ ታትመው ቀሩ። ነገም የምለብሰው እሱኑ ነው። ይልቀቅ አይልቀቅ እንጃ፤ ገና አላጠብኩትም።