«ማን ነህ?» ሲሉኝ

ለእማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የየካ ሚካኤልን ዳገት ስትወጪ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ቀስ በይ፣ ቅዳሴው ጥሎሽ አይሄድም። እኔ ደህና ነኝ። የእንጦጦ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ የሰጠሽኝ ጋቢ ግን አንቺን አንቺን ስለሚሸት ተጠቅልዬበት እተኛለሁ። በሶውም ገና አላለቀም።

መደወል እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ለሁሉም ነገር እሺ እላለሁ። እባክሽ መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢው፣ ከዚያ ማልቀስ ትችያለሽ።

ትናንት ጋሽ ለተሥላሴ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። የአባዬ ጓደኛ ናቸውና ሽማግሌ የሆኑት በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገሩ ቀላል ነው አሉኝ። ወሰን ሰፈር የሚሠራው ሕንፃ ምሰሶዎቹ ደካማ ናቸው፣ አልፈርምም ያልኩት፣ በስብሰባ መሃል አለቃዬን ተክለብርሃንን ውሸታም ብዬ የጮህኩበት እኔ አይደለሁም፤ መንፈሱ ነው። አሁን ተጠመቅኩ፣ ለቀቀኝ። እሑድ ቤታችን ሽማግሌዎቹ ፊት ይህችን ብቻ ካልኩ ተክለብርሃን ወደ ሥራዬ ይመልሰኛል፤ እኔም የሕንፃውን ወረቀት እፈርማለሁ። «በመንፈስ የሚቀየም ሰው የለም፣ ልጄ» አሉኝ ብርቱካን እየላጡልኝ።

እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አልያዘኝም ነበር። ከተባረርኩ በኋላ በየማለዳው ወለሉ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የምቀመጠው ትንፋሼን እየተከተልኩ ልቤን ለማረጋጋት ነበር። ሜዲቴሽን ነው ብዬሽ ነበር። በሩን ከፍተሽ ስትጠሪኝ ዝም ብዬ ስላስደነገጥኩሽ አዝናለሁ። ግን ያ ተክለብርሃን ደውሎ «ልጅቷን አንድ ነገር ነክቷታል» ባይልሽ ኖሮ፣ ጩኸቴም ዝምታዬም አንድ በሽታ ይመስልሽ ነበር?

እውነቱን ልንገርሽና፣ ያኔ መቀመጤም መቀመጥ አልነበረም። ዓይኔን ጨፍኜ ከተክለብርሃን ጋር እከራከር ነበር። ሁልጊዜ ረትቼው እነሳለሁ፤ በማግስቱ ግን ክርክሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ለውጡ የመጣው አንቺ ባመጣሽኝ ቦታ ነው፤ ስትሰሚው ትስቂያለሽ። ካህኑ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ማን ነህ?» አሉ። እኔ ደግሞ ለሥራ ፈተና እንደቀረበ ሰው፣ ናዝሬት እባላለሁ፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ አልኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ካህኑም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አንቺን አልጠየቅኩም፤ እሱ ይመልስ» አሉኝ።

ጸበሉ ሲወርድብኝ ጥያቄውን ለራሴ ወሰድኩት። እውነት፣ ውስጤ ያለው ማን ነው? ከጸበሉ በኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር እየተቀመጥኩ መልሱን መጠበቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቁጣዬ መጣ። ሳልከራከረው አየሁት፤ ሄደ። ከኋላው ፍርሃት ቆሞ ነበር፦ ሰው ምን ይላል፣ እማዬን ማን ይጦራታል የሚል። እሱንም አየሁት። ከዚያ ወዲያ የሚመልስ ጠፋ። ሰፊ ጸጥታ ብቻ ቀረ፤ ካህኑ ቢያገኙት ውጣ የሚሉት አይመስለኝም። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ሆኜ ምሰሶዎቹን አሰብኳቸው፣ እማዬ። አሁንም ደካማ ናቸው።

ሰላም ያገኘ ሰው ሁሉን እሺ ይላል ብለው ከሆነ ጸበል ያስላኩኝ፣ ተሳስተዋል። እሑድ እመጣለሁ። አልጮህም። ድምፄን ከፍ በማድረጌ ይቅርታ እላለሁ፤ ስለተናገርኩት ነገር ግን «እኔ ነኝ የተናገርኩት» እላለሁ። ሥራው ይቅርብኝ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ልጅ ይዛ የምትገባዋን ሴት አላውቃትም፤ ቢሆንም አልፈርምባትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ከጸበሉ ስመለስ እማሆይ ሸዋረጋ የሚባሉ፣ እዚሁ ያረጁ መነኩሲት ፊቴን ትክ ብለው አይተው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስምሽን ነገርኳቸው። «እዚሁ ስትጠመቅ እሷን እንኳን መንፈሱ ቶሎ ለቀቃት። ባሌ አልመታኝም፣ መታኝ ያሰኘኝ መንፈሱ ነው አለች፤ ሽማግሌዎች ባሏ ቤት መለሷት» አሉኝ። የባልሽንም ስም ጠሩልኝ። የአባዬ ስም አይደለም።

ሌላ አልጠየቅኳቸውም። አንቺንም አልጠይቅሽም። እሑድ ግን ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ምግብ ላቅርብ ብለሽ ጓዳ እንዳትገቢብኝ። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ዝም ብትዪም ይበቃኛል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ያኔ መጀመሪያ የተናገረችውንም ሴት ይጠብቅልኝ፤ እኔ እወዳታለሁ።

አንቺኑ የመሰለችው
ልጅሽ