ኦቦ ደገፋ ልጆቻቸውን እንዲመርቁ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ብዙነህ፣
የምርጫ ጣቢያችን ተቆጣጣሪ ለነበሩት፣ ዛሬ ደግሞ ከዚያ ለላቀ ሹመት ለበቁት፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኛን የሱሉልታ ውርጭ እንደ ልማዱ እያንገበገበን ቢሆንም፣ እርስዎን የሰበታ አየር እንደተስማማዎት፣ የጉልበትዎም ሕመም እንደተሻለዎት ሰምተን ደስ ብሎናል። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊው አሥራት ነኝ፤ ባለፈው ሰኔ በእንደራሴዎች ምርጫ ጊዜ ከጎንዎ ተቀምጬ መዝገብ የያዝኩት። ምናልባት መልኬን ባያስታውሱት የእጅ ጽሑፌን ያስታውሱት ይሆናል፤ አምሮ የተጻፈ ነው ብለው አመስግነውኝ ነበርና።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በገበያው በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። አራት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎታለሁ። ሁለቱን በእጄ ላደርስ ሰበታ ድረስ በአውቶቡስ ብመጣ ቡራዩ ሄደዋል ተባልኩ፤ ቡራዩ ስደርስ አሁን ገና ወደ ሰበታ ተመለሱ ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ አዝኖልኝ፣ ደብዳቤዎቹ ሁሉ እንደታሸጉ በመሳቢያዎ ውስጥ መቀመጣቸውን ነገረኝ። ክቡርነትዎ ለምስጢር ያለዎትን ጥንቃቄ ስለማውቅ አልተቀየምኩም። የምርጫን ምስጢር የጠበቀ ሰው የአቤቱታንም ምስጢር ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ይህኛውን ሳላሽገው አቅርቤያለሁ፤ የገበያው ሰው ሁሉ ካነበበው እርስዎም መስማትዎ አይቀርም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ስል ከመጀመሪያው ልጀምር። ያን ዕለት ጠዋት በሜዳው ላይ በተተከለው ድንኳን ፊት ብዙ ሰው በጭቃ ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሲባልም እያንዳንዳቸው ምልክት ነበራቸው፤ የአቶ ደቻሳ ፋኖስ፣ የግራዝማች ተድላ ጃንጥላ። ከሰልፉ ፊት የቆሙት ኦቦ ደገፋ ነበሩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ በእኛ አካባቢ ሠርግ ቢሆን አውድማ፣ አዲስ ቤት ቢሆን ዕርቅ፣ እሳቸው ሳይመርቁት የሚጀመር ነገር አልነበረም። ከጫንጮ ወዲህ ካለው መንደራቸው በእግራቸው ነበር የመጡት።

ካርዳቸውን ተቀብለው ወደ ሳጥኑ ሲቀርቡ እንደ ልማዳቸው አደረጉ። የሚሰጥ ነገር ሳይመረቅ አይሰጥም ተብለው ያደጉ ስለሆኑ ካርዱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መረቁ። ዝናቡ የምሕረት ይሁን፣ የታመመ ይዳን፣ የወለደች ታሳድግ፣ አገር ሰላም ይሁን አሉ። መካከል ላይ አንድ ምርቃት ዘልያለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በመጨረሻም፣ ይህችን ድምፄን ለደቻሳ ሰጥቻለሁ፣ ወንበሩ ይርጋለት፣ የድሃን ነገር አያስረሳው ብለው ጨረሱ። ሰልፈኛውም ለእያንዳንዱ ቃል ከፊሉ አሜን፣ ከፊሉ በኦሮምኛ ሃ ታኡ፣ ይሁን፣ እያለ ተቀበለ። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም የሚል ሰው በእኛ አገር አልተወለደም፤ ቢወለድም እናቱ ትቆነጥጠዋለች።

ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ከወንበርዎ ተነሥተው ምርጫ ምስጢር መሆኑን አስታወሱን። ኦቦ ደገፋ ድምፃቸውን በአደባባይ ስለገለጡ፣ አሜን ያለውም ሁሉ የራሱን ድምፅ አብሮ ስለገለጠ፣ ካርዳቸው ተሰብስቦ ስማቸው ከመዝገብ ተሰርዞ ወደ ቤታቸው ይሂዱ ብለው ፈረዱ። ስማቸውን አንድ በአንድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሞቹ መቶ አርባ ሦስት ናቸው፤ የመጨረሻው ተራ ቁጥር ግን መቶ አርባ አራት ነው። ልዩነቱን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርኩም። ግራዝማች ተድላ በዘጠና አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

አሁን፣ ጊዜዎን ላለማባከን፣ ምስጋናዬንና የከነከነኝን ነገር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሕጉን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ድምፅ በምስጢር ይሰጥ የተባለው ድሃው ጌታውን ሳይፈራ የወደደውን እንዲመርጥ ነው ብለው፣ ከምርጫው በፊት ሰብስበው ያስረዱን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ጥሩ ሕግ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ኦቦ ደገፋ ግን ማንንም ስላልፈሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ እንዳይፈሩ የወጣው ሕግም ባለመፍራታቸው ቀጣቸው። ይህን ስንት ጊዜ አገላብጬ ባየው ሊገባኝ አልቻለም፤ ጥፋቱ የእኔ ትምህርት ማነስ ይሆናል።

2ኛ/ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰልፍ መጣ፣ ዝናቡም በረታ። የግራዝማች ተድላ አሽከሮች አርባ አዳዲስ ጃንጥላ ይዘው መጥተው ለሰልፈኛው አከፋፈሉ። እኔም ይህ ነገር ምረጡኝ ማለት እንዳይሆን ብዬ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ ይህ የአየር ጠባይ ጉዳይ እንጂ የምርጫ ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱልኝ። እውነትዎን ነው፣ ዘንቦ ነበር። ብቻ አንዳንዴ አቶ ደቻሳ በዚያ ደመና ጨልሟል ብለው ፋኖስ ቢያድሉ ኖሮ ምን ይባሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ጃንጥላዎቹን አሽከሮቹ ማምሻውን ሰብስበው ወስደዋቸዋል፤ የተዋሰው ሰውም በዝናብ ወደ ቤቱ ገብቷል።

3ኛ/ በገበያው በር ጠላ የሚሸጡት ወይዘሮ ያለምወርቅ በዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ሰባተኛ ናቸው። እሳቸው አሳባቸው ጃንጥላን ለመምረጥ እንደነበር፣ ከግራዝማች ባለቤት ጋር ማኅበርተኛ እንደሆኑ፣ አሜን ያሉትም ለሽማግሌ አፍ አክብሮት እንጂ ለፋኖስ እንዳልሆነ እየማሉ አስረዱ። ክቡርነትዎም፣ ይኸው አሁንም ምስጢር ገለጡ ብለው እንደገና እንድሰርዛቸው አዘዙኝ፤ ሰረዝኳቸው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ የሚከለክል ሕግ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለት ጊዜ መሰረዝ የደረሳቸው ግን በአገሩ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እስከ ዛሬ ለሚጠጣ ሁሉ ያወራሉ።

4ኛ/ ይህኛው በራሴ ላይ ነው። እኔም አሜን ብያለሁ። ብዕሩ በእጄ ሳለ፣ ሳላስበው ነው ያልኩት፤ እርስዎም ከጎኔ ስለነበሩ ሰምተውኝ ይሆናል። ስሜን ግን አልጻፍኩም። አምስት ልጆች አሉኝ፣ እንጀራዬም በብዕር ነው፣ ፈራሁ። የጎረቤቶቼን ስም ሁሉ እየጻፍኩ፣ እነሱ ቀና ብለው ሳያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ፣ እኔ ካርዴን ከሰዓት በኋላ በጸጥታ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ድምፄ ተቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ በገበያ ሳልፍ ደኅና አደርክ የሚለኝን ሰው ዓይን ማየት ይከብደኛል።

5ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሰለቸኝ። በአራቱ ደብዳቤዎች የጻፍኩት ስለ ሕግ አንቀጽ፣ ስለ ድጋሚ ምርጫ፣ ስለ ወንበሩ ነበር። ያ ሁሉ ይቅር። ግራዝማች ተድላ በወንበራቸው ላይ ደኅና ይቀመጡ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ልለምን ነው።

ኦቦ ደገፋ ከዚያ ቀን ወዲህ መርቀው አያውቁም። በእኔ አፍ የተነሣ የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ ቀረ ይላሉ። በጥቅምት የልጅ ልጃቸው ስትዳር ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ስመው ተንበርክከው ጠበቁ፤ እሳቸው እጃቸውን በሙሽሮቹ ራስ ላይ ጭነው ሳይመርቁ ቀሩ፣ በኋላ አንድ ሰው ሙሽሮቹን ደግፎ አነሣቸው። የዘንድሮ ገብስም አውድማው ሳይመረቅ ተወቃ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሳይቀሩ እየሄዱ፣ እኛ አልተቀየምንዎትም ብለው ለመኗቸው። ሕግ ነው ተብያለሁ፣ የንጉሥ ሕግ ደግሞ አይጣስም ብለው መለሱላቸው። ክቡርነትዎ በዚህ ወረዳ ሕግ አክባሪ ሰው ቢፈልጉ፣ አንድ አለልዎት።

አሁን መኝታ ከያዙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ እህል መቅመስ ትተዋል። ሆለታ ያለው ልጃቸው ጭምር መጥቶ ስድስቱም ልጆች አልጋውን ከበው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እርስዎም አባት ነበርዎት፣ ሲሞቱም እጃቸውን በራስዎ ላይ ጭነው መርቀውዎት ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ አስጠሩኝና ሄድኩ። ትልቁ ልጃቸው ጃራ፣ ራሱ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ በአልጋው ሥር ተንበርክኮ ነበር። ኦቦ ደገፋ እጄን ይዘው፣ ያንተ ጽሑፍ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ለቀኛዝማች አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉኝ። ልጆቼ ስድስት ብቻ ናቸው በልልኝ፤ በሩን ዘግቼ በምስጢር እመርቃቸዋለሁ፤ አሜንም ቀስ ብለው ነው የሚሉት አሉኝ።

ይቀልዱ እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም ነበር። ከቤቱ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ እቤቴ ሄጄ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ማኅተም ያለባት ሩብ ወረቀት እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ኦቦ ደገፋ ባለፈው ሰኔ ጥፋት አላጠፉም የሚል ቢጻፍባት ደስታችን ነው፤ ይህ ከከበደ ልጆቻቸውን እንዲመርቁ ተፈቅዷል ቢባል ይበቃል። ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ያውቃሉ፤ ያምኑታል። እባክዎ አይዘግዩ፤ እኔ ዓመት መጠበቅ ለምጃለሁ፣ እሳቸው ግን እስከ ገና የሚደርሱ አይመስለኝም። የእኔን ስም በተመለከተ፣ ዛሬ በገዛ እጄ በዝርዝሩ መጨረሻ መቶ አርባ አምስተኛ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የሚያስከትለውን ልቀበል ዝግጁ ነኝ።

የታዘዘውን ሁሉ አሳምሮ የጻፈ፣ ያልታዘዘውን ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን የጻፈ፣ የክቡርነትዎን መልስ በገበያው በር ቆሞ በአክብሮት የሚጠባበቅ፣

የመዝገብ ጸሐፊ የነበረው አሥራት

ማስታወሻ፦ ከላይ የዘለልኩት ምርቃት ይህ ነው። ኦቦ ደገፋ አገር ሰላም ይሁን ካሉ በኋላ፣ ስለ አቶ ደቻሳም ገና ሳያነሱ፣ ወደ ጠረጴዛችን ዘወር ብለው፣ እነዚህ ሹማምንት ዕድሜ ይስጣቸው፣ ከዚህ የበለጠ ሹመት ያግኙ፣ ሲያልፉም ልጆቻቸው ይቅበሯቸው ብለው ነበር። ክቡርነትዎ ባርኔጣዎን አውልቀው ከሰልፈኛው ሁሉ ቀድመው አሜን አሉ። ሹመቱ እንደደረሰልዎት ሰምተናል፤ የቀረውም ይድረስልዎ። ዝርዝሩን ለማየት ከፈለጉ በእጄ አለ፤ የሚጀምረው ከቁጥር ሁለት ነው፣ የመጀመሪያውን መስመር ለእርስዎ ባዶ ትቼዋለሁ።