ወንድሜን «ዋናው ሣጥን የት አለ?» እያሉ ላስደበደቡት ኃላፊ

ክቡር የሰፈራችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነኝ። ወንድሜ ሬዲዮ ጠጋኙ ባለፈው ሳምንት በጠባቂዎችዎ እጅ ካለፈ ወዲህ በአንድ ዓይኑ ብቻ ስለሚያይ፣ ይህን ደብዳቤ እኔ ጻፍሁልዎ።

አንደኛ፣ የስልክ መስመር በተቋረጠብን ሰሞን ወንድሜ በየጣሪያው ትንንሽ ሣጥኖች ሰቀለልን። ከእጅ ስልካችን የወጣ መልእክት ያለ ሽቦ ከጣሪያ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ይተላለፋል፤ አንዱ ሣጥን ቢጠፋ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራኝ በዚሁ ነበር። አደገኛ ሤራ መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ እኛ መውለድ መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፣ ጠባቂዎችዎ በራችንን በእርግጫ ገንጥለው ገቡና ወንድሜን በፀጉሩ እየጎተቱ ጣሪያ ላይ አወጡት። «ዋናው ሣጥን የት አለ?» አሉት። «ዋና የለውም፤ ሁሉም ለሁሉም ያቀብላል» አላቸው። አለቃ የሌለው ነገር አልገባ ቢላቸው አልገረመኝም፤ ያሠለጠኗቸው እርስዎ ነዎት። በመዶሻ ጥርሱን አረገፉት። ደግመው ጠየቁት፣ ያንኑ እውነት ደገመላቸው፣ ዓይኑን አፈሰሱት። ልደርስለት ስሮጥ አንደኛው በሰደፍ ደረቴን ብሎ ከደረጃው ጣለኝ። ስለ መስተንግዶው የሁለት ጎድን አጥንቶቼ ምስጋና ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ጠባቂዎች የረድፋችንን ቤቶች ሣጥኖች እየዞሩ ሲሰባብሩ፣ እኔ በደረቴ እየተሳብሁ ወጥ ቤት ገብቼ «ወንድሜን ጣሪያ ላይ እየገደሉት ነው፣ ድረሱልኝ!» ብዬ ላክሁ። ቀጥተኛው መንገድ ተሰባብሮ ስለነበር መልእክቴ ሌላ መንገድ ፈልጎ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የጋራዡ መካኒኮች ብረት፣ የልብስ አጣቢ ቤቱ ሴቶች ድንጋይ ይዘው መንገዱን ሞሉት። ወንድሜን ሊወረውረው ጠርዝ ላይ ያደረሰው ጠባቂ ግርግሩ አስደንግጦት ራሱ ወደቀ። የተሰበረ እግሩን ያሰርሁለት እኔ ነኝ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለ አለቀሰ። እርስዎን ግን በዚህ ቃል አላስቸግርዎትም።

በክብርዎ ፊት ማጎንበስ ሲገባት፣ ስብራቷ አላስጎነብስ ያላት፣
አዋላጅዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልእክቴ በየት ዞሮ እንደደረሰ እያስመረመሩ መሆኑን ሰማሁ። እንዳይደክሙ ልንገርዎ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ጣሪያ በኩል ነው። ስልክ ለእርስዎም በጠፋ ጊዜ፣ እዚያ ያለውን ሣጥን ወንድሜ የሰቀለው በራስዎ ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ ትብብርዎ መላው ሰፈር ያመሰግናል፤ የምስጋናችንንም ግልባጭ ለበላዮችዎ ልከናል።